አሥራ አንድ ቁጥር ለምን ተነሣ?

አንድ ሰው ነበር። ዕድሜው ስልሳ ስምንት፣ ሞጆ ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት ያህል በልብስ ስፌት የኖረ ዝምተኛ ሰው። የእርሱን ስም ልተወው። የሚስቱን ስም ግን ልንገራችሁ፤ አስካለ ትባል ነበር።

ይህ ሰው የሐሞት ጠጠር ጸናበትና ሆስፒታል ገባ። ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው ተብሎ ነበር። ቁስሉ አመረቀዘና አምስት ሳምንት አስተኛው። አስካለ በየቀኑ በሚኒባስ እየተሳፈረች ሾርባ ታመጣለታለች።

"ጨው የለውም" ይላታል።

"የከለከለህ ሐኪሙ ነው፤ እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ?" ትለዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማክሰኞ መምጣቷን አቆመች። ሾርባውን ልጃቸው ጥሩወርቅ ይዛ መጣች።

"እናትሽስ?"

"ጉንፋን ይዟታል አባዬ። ወደ በሽተኛ እንዳትቀርብ ተባለች።"

ጉንፋን አልነበረም። አስካለ ሰኞ ማታ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች፤ በዚያው አልተነሣችም። ጥሩወርቅ ሾርባውን ለአባቷ አጠጥታ፣ አፉን በፎጣ ጠርጋ፣ ደረጃውን ወርዳ ወደ እናቷ ቀብር ሄደች።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። ሐኪምም ተጠይቆ ነበር። "ይህን ከሰማ አይተርፍም" ተባለ። እንዲተርፍ ተደበቀ። ይህ ክፋት ነው ወገኖቼ? አይደለም። ወጋችን ነው። ከእኛ መካከል ለአንድ ሰው እንዲህ ያላደረገ፣ ወይም ያልተደረገበት ጥቂት ነው። በፍቅር የተደረገ ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ሰውየው በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ቀን ቤቱ ገባ። አስካለ እህቷ ዘንድ ሄዳለች አሉት። እሑድ ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ጎሕ ሲቀድ በር ከተንኳኳ፣ በሩ ላይም ሽማግሌዎች ከቆሙ፣ ምን እንደሚነገር የማያውቅ የአገራችን ሰው አለ?

ድንኳኑ ፈርሶ ነበር። የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተመልሰው ነበር። መቃብሯ ሲሚንቶ ተለስኖ ደርቆ ነበር። ጎረቤቱ መጥቶ እንደገና አለቀሰለት፤ ግን ሰዉ እንባውን በጊዜው ጨርሶታል፣ ሁለተኛ ለቅሶ ነው። እርሱ ጮኾ ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት ጥሩወርቅ ትራስ ይዛ ሆዱን ደገፈችው። "አባዬ፣ ስፌቱ ይፈታል!" አለችው። ሰዉም ሁሉ "በቃ፣ በቃ፣ አይዞህ" አለው።

አፉን ዘጋ። ልብስ ሰፊ ነውና፣ ያልጠና ስፌት ሲተረተር ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው። አስካለን መሸኘት። አርባ አንድ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ስትሄድ እርሱ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣ ነበር። ለጎረቤቱ ሁሉ የከፈን አቡጀዲ የቆረጠ ሰው ነው፤ የእርሷን ማን እንደቆረጠው እንኳ አልጠየቀም። ሊሸኛት ይፈልጋል። ግን ያለፈን ቀብር ሰው በየት በኩል ገብቶ ይሸኘዋል?

አራት ወር እንዲህ አለፈ። "እንዴት ነህ?" ሲሉት "ደኅና" ይላል። ፊቱን ደኅና አስመስሎ ይውላል። ሰው ፊቱን ጠብቆ ሲውል ምን ያህል እንደሚደክም የምታውቁ አላችሁ? ማታ በሩን ሲዘጋ ድንጋይ ሲጭን የዋለ ያህል ይደክመዋል።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ወይዘሮ ደብሪቱ መጣች። ደብሪቱ በሰባ ዓመቷም አፏ ያላረጀ ሴት ናት።

"ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ቀይ አሸዋ የሚወጣበት ካባ ውስጥ ፊልም እየሠሩ ነው። ሰው ይፈልጋሉ፤ ተነሥ እንሂድ" አለችው።

"እኔ ምን እሠራላቸዋለሁ?"

"ምንም። የሌላ ዓለም ፍጡር ሆነህ ከኋላ ትቀመጣለህ። እኔ ፍጡር ከሆንኩ ሦስት ቀኔ ነው።"

"በዚህ ዕድሜሽ?"

"ጭንብሉን ሲያጠልቁልኝ ልጅቷ 'እማማ፣ እርስዎ ብዙም አያስፈልግዎትም' አለችኝ እኮ! ባለጌ! በል ውጣ፣ ፀሐይ ይንካህ።"

ሄደ። እምቢ ማለትም ያደክማል።

ካባው ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያው ቀይ ገደል። እዚያ ውስጥ የሌላ ዓለም ገበያ ሠርተዋል። ሰውየውን ግራጫ ረጅም ቀሚስ አለበሱት፤ ሦስት ጣት ያለው የጎማ ጓንት ሰጡት፤ ከዚያ ጭንብሉን አጠለቁለት። ጭንብሉ ትልልቅ ዓይን አለው፤ አፍ የለውም። ያጠለቀው ሰው የሚያየው በሁለት ቀዳዳ ነው። ማጅራቱ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ አሥራ አንድ። ደብሪቱ አሥራ ሁለት ናት።

ይሞቃል። የጎማ ሽታ አለው። ስፌቱም የችኮላ ነው፤ እርሱ ወዲያው አየው። ቢሆንም ያ ሰው ጭንብሉ ውስጥ ሲገባ ከአራት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ወረደ። ፊቱን ማንም አያየውም። ፊቱ እንደፈለገ ይሁን። "እንዴት ነህ?" የሚለው የለም፤ ፍጡርን ማን እንዴት ነህ ይለዋል?

ሁለት ቀን እንዲህ ተቀምጦ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ቃሬዛው መጣ።

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ሰዎች በጠፈር መርከብ ተጉዘው ወደዚያ ሩቅ ዓለም ይደርሳሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ትሞታለች። ጓደኞቿ ሬሳዋን በቃሬዛ ተሸክመው በገበያው መሐል ያልፋሉ። የዚያ ዓለም ፍጡራን ግን ሞትን አያውቁም። ማንም ቀና አይልም። ዳይሬክተሩ ሱራፌል የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ ነው። ትዕይንቱ ሁሉ ያረፈው በዚህ ላይ እንደሆነ በደንብ አስረዳቸው። ሬሳ ያልፋል፤ ማንም አይነሣም።

ሬሳው አሻንጉሊት ነው፤ በስፖንጅ የተሞላ፣ በአቡጀዲ የተጠቀለለ። ቃሬዛውን የሚሸከሙት አራት ሰዎች የዚያው ካባ ጫኝና አውራጆች ናቸው። ከፊት ያለው ገመቹ ይባላል። ከማለዳ ጀምረው ድንጋይ ሲጭኑ ቆይተው፣ የሥራ ልብሳቸው ላይ የብር ቀለም ያለው ካፖርት ደርበው መጡ።

"ቀለል አድርጋችሁ አትያዙት፤ ክብደት ያለው አስመስሉ!" ይላል ሱራፌል።

"ምን ክብደት አለው ጌታው፣ ላባ እኮ ነው" ይላል ገመቹ።

"አክሽን!" ተባለ።

ቃሬዛው በገበያው መሐል መጣ። አርባ ፍጡር ተቀምጧል። አንዱ ተነሣ።

"ከት! አሥራ አንድ ቁጥር!" ብላ ጮኸች የዳይሬክተሩ ረዳት መክሊት፣ ድምፅ ማጉያ ይዛ። "አሥራ አንድ ቁጥር፣ ለምን ተነሡ?"

"ተነሣሁ እንዴ?" አለ ሰውየው። መነሣቱን አላወቀም ነበር።

"ሬሳ ሲያልፍ ምን ያድርግ? እግሩን ዘርግቶ ይተኛ?" አለች ደብሪቱ ከጭንብሏ ውስጥ። ፍጡራኑ ሁሉ ሳቁ።

ሱራፌል ቀረበ። "እማማ፣ አባባ፣ እዚህ ዓለም ሞት የለም። ሬሳ ምን እንደሆነ አታውቁም። ለእናንተ እንጨት ያለፈ ያህል ነው።"

"ሞት የሌለበት አገር ካለህማ መቅረጹን ተውና እዚያው አስገባን" አለች ደብሪቱ።

ሰውየው ግን "እሺ ልጄ" አለ።

ለሁለተኛ ጊዜ ተጀመረ። ሰውየው ሁለት እጁን ከጭኑ በታች አስገብቶ ተቀመጠበት። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ቃሬዛው ሲቀርብ የተሸካሚዎቹ ኮቴ ተሰማው። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ይህ ኮቴ በሱቁ በር ሲያልፍ፣ መቀሱን አስቀምጦ ተነሥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጥቂት እርምጃ ሸኝቶ የተመለሰ ሰው ነው። ለማያውቀው ሰው ሬሳ እንኳ። እግሩ ቀደመው። ቀና ሲል ቆሟል።

"ከት!"

አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም። ሱራፌል ፀሐዩን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ሰውየውን ክንዱን ይዞ ወደ ቃሬዛው ወሰደው፤ አቡጀዲውን ገለጥ አድርጎም ቢጫውን ስፖንጅ አሳየው።

"ይኸው አባባ። ማንም የለም። ስፖንጅ ነው።"

"አያለሁ" አለ ሰውየው።

"ብርሃኑ ከዚህ ገደል ጀርባ ሲገባ አበቃ። ነገ ደግሞ ሌላ ቦታ ነን። አሁን ከተነሡ በሌላ ሰው እተካዎታለሁ፤ ዛሬውኑ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። አይቀየሙኝ።"

"አልቀየምህም። ልክ ነህ።"

ልክ ነበረ። ልጁ ፊልሙን መሥራት አለበት። ሰውየውም ተቀምጦ መዋሉን ይፈልገዋል፤ ቤት ከገባ ያ ፊት ይጠብቀዋል፣ ያ "ደኅና" ይጠብቀዋል። ተመልሶ ሲቀመጥ ደብሪቱ በጎማ እጇ የልብሱን እጅጌ ጨበጠች።

"እኔ ይዤሃለሁ። ልትነሣ ስትል እስብሃለሁ፤ ቁጭ በል" አለችው በቀስታ።

"ያዢኝ" አላት።

"አክሽን!"

ቃሬዛው መጣ። ሰውየው አየው። አሁን ዓይኑን አልሸሸገም። ነጭ አቡጀዲ። አራት ሰዎች። ከኋላው የሚከተል ማንም የለም፤ ታሪኩ እንደዚያ ስለሆነ። አንዲት ሴት በቃሬዛ ስትሄድ፣ ገበያው ሁሉ ተቀምጦ፣ እርሱም ተቀምጦ። እንደዚያ ማክሰኞ።

ተነሣ። በዚህ ጊዜ እያወቀ ነው የተነሣው።

ደብሪቱ እጅጌው ሲሳብ ተሰማት። ልትስበው ይገባት ነበር። ለቀቀችው።

ሰውየው ከፍጡራኑ መሐል ወጣ፤ ገበያውን አቋርጦ ከቃሬዛው ኋላ ገባ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ጭንብሉ አፍ የለውምና፣ ከእንስራ ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ።

"አስካለ! ሳልሸኝሽ! አስካለ! ሾርባ ስጠጣ! እኔን፣ እኔን፣ እኔን!"

"ከት!" አለ ሱራፌል። "ከት! ከት!"

ካሜራው ቆመ። ተሸካሚዎቹ ግን አልቆሙም።

መክሊት እየሮጠች ደረሰችባቸው። "ገመቹ! አውርዱት እንጂ! ከት ተብሏል! ስፖንጅ እኮ ነው!"

ገመቹ አንገቱን ሳያዞር መለሰላት። "ስፖንጅ መሆኑን ማን አጣው እህቴ? ሰው ከኋላ እያለቀሰ ቃሬዛ አይወርድም።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪበቃው ነዋ!"

ሄዱ። ከገበያው ወጡ፤ መኪና አሸዋ ጭኖ የሚወጣበትን ዳገት ያዙ። ከማለዳ ጀምሮ ድንጋይ የጫኑ ሰዎች ናቸው፤ ደክሟቸዋል። ዳገቱ መሐል ላይ፣ እውነተኛ ሬሳ እንደያዘ ሰው፣ ሳይነጋገሩ ትከሻ ቀየሩ። ዳይሬክተሩ ከጧት ጀምሮ ሲለምናቸው የነበረው ክብደት አሁን መጣ፤ የሚቀርጸው ሰው ግን አልነበረም። ሰውየው ከኋላ ይከተላል። አንዴ ስሟን ይጠራል፣ አንዴ ዝም ይላል፣ አንዴ እንደገና ይጀምራል።

ዳገቱ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። ገመቹ እዚያ ሲደርስ ዘወር ሳይል ጠየቀ።

"አባባ፣ እናውርድ?"

"ትንሽ" አለ ሰውየው።

ትንሽ ሄዱ።

"አሁን አውርዱ።"

ቀስ ብለው አወረዱት። ሰውየው ጭንብሉን አወለቀ፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን ሳይሸፍን አለቀሰ። አራቱ ሰዎች አጠገቡ ቆሙ። አንዳቸውም "በቃህ" አላሉትም። ስፌቱም አልተፈታም፤ ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል።

ሲወርዱ ፀሐዩ ከገደሉ ጀርባ ገብቶ ነበር። ሱራፌል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። የቀኑ ሥራ ባክኖበታልና ሊቆጣ ይገባው ነበር፤ መቆጣትም ደክሞት ነበር።

"አባባ፣ ነገ አይምጡ" አለ።

"አልመጣም ልጄ። አበላሸሁብህ፤ ይቅርታ።"

ፊልሙ ያለ እርሱ ተሠራ። ያንን ትዕይንት በሌላ ቀን ቀረጹት፤ አሥራ አንድ ቁጥርን ሌላ ሰው ለበሰው። እርሱ አይነሣም።

ሰውየው ያን ምሽት እራት ላይ ለልጁ "እናትሽን ዛሬ ሸኘኋት" አላት። ጥሩወርቅ አእምሮው የተነካ መስሏት ደነገጠች። እርሱ ግን ነገሩን ሁሉ ነገራት። ከዚያ ወንበሯን ወደ እርሱ አስጠጋችና ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ቀን ነገር ከጅምሩ አወራችው፤ ማን እንደተሸከማት፣ ዝናብ ይዘንብ እንደነበር፣ ጫማዋን ለማን እንደሰጡት። እርሷም ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ይህን ለብቻዋ ይዛው ነበር። የሆስፒታሉን ደረጃ እንዴት እንደወረደች ስትነግረው ማውራት አቃታት። አባቷ "በቃሽ" አላላትም።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

ስፖንጅ ተከትሎ በሚያለቅስ ሽማግሌ ልንስቅ እንችላለን። ግን እውነተኛው ሬሳ ሲያልፍ ማን አስቀመጠው? ጠላቱ ነው? የሚወዱት ናቸው። እንዲተርፍ ብለው ነው። ተረፈም። ተርፎም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀምጦ ቀረ።

እኛስ? ሰው የሞተበት ቤት እንገባለን። "በቃሽ" እንላለን። "ለልጆችሽ ስትይ" እንላለን። "አንቺ እኮ የተማርሽ ነሽ" እንላለን። መማር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? "ጠንካራ ነሽ" እንላለን። ጠንክሪ ያልናት እኛ፣ ጠንካራ ነሽ የምንላትም እኛ። ከዚያ በር ላይ ጫማችንን እያሰርን "እንዴት ጎበዝ ሴት ናት" እንባባላለን። በሩ ከተዘጋ በኋላ ፊቷን የት እንደምታስቀምጠው አስበን እናውቃለን?

"በቃሽ" የምንለው ለማን ብለን ነው? ለእርሷ? ወይስ እኛ ስለደከመን? እውነቱን እንናገር፤ የሰው ሐዘን ያደክማል። ሦስት ቀን እንችላለን፣ አሥራ ሁለት ቀን እንችላለን፣ እስከ አርባው እንደምንም እንሄዳለን። ከዚያ ወዲያ ስሙን እንኳ እንፈራዋለን፤ እርሷ ስታነሣው ወሬ እንለውጣለን።

ጌታ ራሱ ወዳጁ በሞተ ጊዜ ወደ መቃብሩ ሄዷል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ ሄዷል። "አታልቅሱ፣ ይኸው ይነሣል፣ ይህ ምንም አይደለም" ሊል ይችል ነበር፤ ከእርሱ የበለጠ ይህን ማለት የሚችል ማን ነበር? እርሱ ግን አስቀድሞ አለቀሰ። እኛ የማናስነሣው ሰዎች፣ ለቅሶውን ለመከልከል ምን ሥልጣን አለን?

እነዚያን አራት ሰዎች አስቧቸው። ምን አሉት? ምንም። ጥቅስ አልጠቀሱለትም። ምክር አልመከሩትም። ቃሬዛው ባዶ መሆኑን ከእርሱ ይበልጥ ያውቃሉ፤ ትከሻቸው ላይ ነውና። ግን ሰውየው ስላለቀሰ ብቻ፣ አቁሙ እየተባሉ፣ ዳገት ወጡ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከእናንተ መካከል አንዱ ወደ አንድ ቤት ይሄዳል። ለቅሶው ካለፈ ወራት ወዳለፈበት፣ ወንበሩ ከተመለሰበት፣ "ደኅና ናት" ወደሚባልበት ቤት። "እንዴት ነሽ?" አትበሏት፤ "ደኅና" ትላችኋለች። "ስለ እርሱ ንገሪኝ" በሏት። ዝም ብትል ዝም በሉ። ብትጀምር ይረዝማል። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ትነግራችኋለች። ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ስልካችሁ ይጮኻል፣ ትደክማላችሁ። ትከሻ ቀይሩና ቀጥሉ። መቼ እንደሚወርድ የምትናገረው እርሷ ናት።